መነጽሩ እስኪለመድ

ሶዶ፣ ሐምሌ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርከው ለጋሼ ኤልሳዕ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የጌታ ሰላም ካንተም ከሱቅህም ደጃፍ አይራቅ። እኔና እናቴ፣ ክብር ለስሙ ይሁን፣ ደህና ነን። ዝናቡ በርትቷል። በቆሎው ጥሩ ይዟል፤ ጓሮ የተከልነው ቦዬም ዘንድሮ ሥሩ አይታማም።

«ሰላም ነው ወይ ብቻ ብለሽ በቴሌግራም አትላኪልኝ፤ ደብዳቤ እንደ ደብዳቤ ጻፊልኝ፣ ማታ ሱቅ ዘግቼ ቁጭ ብዬ የማነበው» ስላልከኝ ይኸው በደንብ ተቀምጬ እየጻፍኩልህ ነው፤ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሃለሁ።

ደስ ከሚለው ልጀምር። ሥራ አገኘሁ! ማለቴ፣ ላገኝ ነው። በአካውንቲንግ ከተመረቅኩ ዓመት አልፎኝ፣ ያላንኳኳሁት ቢሮ ሳይኖር፣ አንድ የቁጠባና ብድር ተቋም ለሁምቦ ተበላ ቅርንጫፉ ገንዘብ ያዥ ሲፈልግ ተፈትኜ አንደኛ ወጣሁ። ከአሁኑ እዚያ ቤት ልከራይ ወይስ ከሶዶ ልመላለስ እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ችግሩ ዋስ ነው። ገንዘብ የሚነካ ሰው ደመወዝ ያለው ዋስ ማቅረብ አለበት ተባልኩ። እስከ ነሐሴ 30 እዚሁ ሶዶ ላለው ዋና ቢሯቸው ካላቀረብኩ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። የእናቴ የቅቤ ንግድ ደመወዝ አይባልም። ከዘመድ ደመወዝተኛ የምንለው የአባቴን ታላቅ ወንድም ጋሽ ቦልቴን ብቻ ነው። አንተንም ፊዚክስ አስተምረውሃል፤ ታውቃቸዋለህ። ሄጄ ለመንኳቸው። «እስቲ እናያለን» አሉኝ። ወንበር እንኳ አልሳቡልኝም። አባቴ ካረፈ ወዲህ እንደ ልጃቸው ያዩኝ የነበሩ ሰውዬ ምን እንደነካቸው አላውቅም። እናቴም አልገባትም።

ልመናዬ ግን ስለ እሳቸው አይደለም። ለቃለ መጠይቁ ተበላ ልሄድ መናኸሪያ ገብቼ የአረካ ሚኒባስ ላይ ተሳፈርኩ! ረዳቱ አፉን በሳምቡሳ ሞልቶ ስለነበር አይጣራም፤ ታፔላው ፊት ለፊቴ ነበር፣ አልታየኝም። ከከተማ ከወጣን በኋላ ነው አጠገቤ ያለች ሴትዮ «ተበላ? ልጄ፣ ይሄማ ወደ አረካ ነው» ያለችኝ። ወርጄ በባጃጅ እየበረርኩ ተመልሼ ለጥቂት ደረስኩ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁም ከሰሌዳው ሳይሆን ከጓደኛዬ ከሜላት ደብተር ነበር የምገለብጠው። ሜላት «ተመርመሪ» ትለኛለች። ሰው ሁሉ ግን መነጽር የውጭው ነው የሚሻለው ይላል። ስለዚህ ከቻልክ አንድ ላክልኝ። ፊቴ ጠባብ ነው፤ ልኩን አስብበት። ቡኒ ቢሆን ደስ ይለኛል።

እናቴ ትስምሃለች።

እህትህ ሶልያና አንጁሎ


ደቡብ አፍሪካ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለሶሊ፣

እግዚአብሔር የእጅሽን ሥራ ይባርክ፣ በሄድሽበት ሞገስ ይሁንሽ። ለእናትሽ ለእትዬ ብርሃኔ «የአጎትሽ ልጅ ኤልሳዕ ጉልበትሽን ይስማል» በያት።

መልሴ የዘገየው መብራት እየጠፋ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ሁሉ ተበላሽቶብኝ ስሯሯጥ ነው። አንደኛ መውጣትሽን ግን ሱቅ ለመጣው ሁሉ ተናግሬያለሁ። ቋንቋሽን የማያውቁት ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ብለውሻል።

መነጽርሽን ገዛሁ። እሑድ ከጸሎት በኋላ ከተማ ወርጄ ትልቅ መደብር ገባሁ። ሻጯ «ለማን ነው?» አለችኝ። «ለእህቴ» አልኳት። «ቁጥሯስ?» ስትለኝ የጫማሽን ነው ያሰብኩት፤ «ሠላሳ ሰባት» አልኳት። ሳቀችና መደርደሪያውን አሳይታኝ ወደ ሌላ ገበያተኛ ሄደች። እኔም ፊትሽን እያሰብኩ አንድ በአንድ በራሴ ዓይን ሞከርኩት። አንዱን ሳደርገው በመድኃኒት ካርቶን ላይ ያለ ጉንዳን የሚያህል ጽሑፍ አንበጣ አክሎ ታየኝ። የሶሊ ይሄ ነው አልኩ። ቡኒ ነው፣ ጠበብ ይላል። የሱቅ ጎረቤቴ ኢሳይያስ ለወንድሙ ሠርግ ወደ ሶዶ ስለሚመጣ በእሱ ልኬዋለሁ።

የጋሽ ቦልቴ ነገር ገረመኝ። እንዲህ ያለ ሰው አልነበሩም። ግን «ደውልላቸው» እንዳትዪኝ። ይሄን ሁሉ ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ለጉዳይ ብደውል ምን ይሉኛል? እትዬ ብርሃኔ ራሷ ብትሄድ ይሻላል።

ወንድምሽ ኤልሳዕ


ሶዶ፣ ነሐሴ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ኤልሳዕ፣

የሰማይና የምድር ጌታ በረከቱን ያብዛልህ፣ በሰው አገር የሚጠብቅህ እሱ ይሁን።

መነጽሩ በሰላም ደርሶኛል፤ በጣም አመሰግናለሁ። ልክ እንዳልኩህ ቡኒ ነው። ሳጥኑ ራሱ የጌጥ ዕቃ ይመስላል፤ እናቴ ቡፌው ላይ አስቀምጣዋለች። እሑድ አድርጌው ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ያላደነቀ የለም። «ከየት መጣ?» ሲሉኝ ያንተን ስም እየጠራሁ አፌ ደከመ። መዘምራኑም ደህና ናቸው፤ በድምፃቸው አወቅኳቸው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እናቴ ጋሽ ቦልቴ ዘንድ ሄዳ ነበር። ሻይ አቀረቡላት፣ ስለ ጤናዋ ጠየቋት፤ የእኔን ነገር ስታነሳ ግን ወሬውን ወደ ማዳበሪያ ዋጋ አዞሩባት። በማግስቱ እኔው ራሴ ሄድኩ፣ መነጽሩን አድርጌ። ደጃቸው ላይ ያለችውን አንዲት ደረጃ ስቼ ተደናቅፌ በር ላይ ተንገዳገድኩ። ቀና ብለው አዩኝና «አሁን ደግሞ መነጽር? ዲግሪው አልበቃ ብሎ?» አሉ። ከዚያ «ሥራ አለብኝ» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።  

ጋሼ፣ እባክህ ደውልላቸው። ላፕቶፕ ላክልኝ ልልህ አስቤ ነበር፤ ትቼዋለሁ። ከዚህ በኋላ አንድም ዕቃ አልለምንህም። ይቺን ብቻ አድርግልኝ።

ለመነጽሩ ደግሜ አመሰግናለሁ።

እህትህ ሶልያና


ደቡብ አፍሪካ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሶሊ፣

ሰላምታውን ዛሬ አሳጥረዋለሁ፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ።

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። መነጽሩ ያምራል ብለሻል፣ ሳጥኑም ያምራል ብለሻል፣ ስታመሰግኚኝ ውለሻል። «ይታየኛል» የሚል ቃል ግን አጣሁበት። መዘምራኑን በድምፃቸው ነው ወይ የምታውቂያቸው?

ይታይሻል ወይስ አይታይሽም? እንደ እንግዳ አትፈሪኝ፤ እውነቱን ጻፊ።

ኤልሳዕ


ሶዶ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ኤልሳዕ፣

ሰላምና ጤና ካንተ ጋር ይሁን፣ ቅር አይበልህና፣

እሺ፣ አይታይም። እጄ ላይ ያለው ነገር ይተልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ግን በፊት ከሚታየኝም ይብስ ጉም ይሆናል። ራሴን ሲያመኝ ሰነበተ። ያን ያህል ርቀት አቋርጦ የመጣን ነገር አላደርግም ማለት ከበደኝና ዝም ብዬ አደርገው ነበር። የጋሽ ቦልቴን ደረጃም ያሳተኝ እሱ ነው።

ያጋለጠችኝ እናቴ ናት። ምስር እየለቀመች ለቀልድ ብላ ዓይኗ ላይ አደረገችውና «ኧረ ልጄ! ይሄ ሁሉ ድንጋይ ነው ስንበላ የኖርነው?» ብላ ጮኸች። ከዚያ መጽሐፍ ቅዱሷን አወጣች፤ እስኪመሽ መዝሙረ ዳዊት ስታነብ ዋለች። ለካ መነጽር እንደ ሕመሙ ነው የሚሰጠው። ያንተ የቅርብ ነው፣ የእኔ ሕመም የሩቅ ነው። መነጽሩ አሁን የእሷ ሆኗል፤ «ኤልሳዕ ሳያውቅ ለእኔ ነው የላከው» እያለች ትመርቅሃለች። ስለዚህ አትዘን።

ከሜላት ጋር ሰብሪና መነጽር ቤት ሄድን። ሰብሪና የዚያ የስልጤው ጅምላ አከፋፋይ የጠሃ ልጅ ናት፤ እሷ ንግዱን ትታ የዓይን ምርመራ ተማረች። ጨለም ያለ ክፍል አስገብታ ከባድ የብረት መነጽር አፍንጫዬ ላይ ጫነችና ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች እግራቸው ወዴት እንደዞረ ጠየቀችኝ። እኔ ደግሞ ፈተና ስቀመጥ ታውቀኛለህ። ዓይኔን አጥብቤ፣ ያላየሁትን እየገመትኩ፣ ቶሎ ቶሎ «ቀኝ፣ ላይ፣ ግራ» አልኩ። ቆማ አየችኝ።

«እየገመትሽ ነው?»

«ትንሽ።»

«እህቴ፣ ይሄ ማትሪክ አይደለም፤ ብታልፊ የምትጎጂው አንቺ ነሽ። ካልታየሽ አልታየኝም በይ።»

እንደገና ጀመርን። «አይታየኝም» ማለት ለካ ይከብዳል! ሁለተኛውን መስመር ሳልጨርስ አቆምኩ። ሰብሪና «እስከ ዛሬ መንገድ እንዴት ትሻገሪ ነበር?» አለች። ሜላት «እኔን ይዛ» አለቻት።

ፍሬም መምረጡ ደግሞ ጉድ ነው። ባዶ ፍሬም አድርገህ መስታወት ስታይ ፊትህ አይታይህማ! መነጽሩን የምመርጠው መነጽር ስለሌለኝ ነው፤ ታዲያ በምን ዓይኔ ልምረጥ? ለሜላት ተውኩት። ክቡን ሳደርግ «ጡረታ የወጣ ዳኛ» አለችኝ። ባለ ወርቁን ሳደርግ «የሰው ሚስት» አለችኝ። ጥቁሩን፣ ማዕዘን ያለውን ሳደርግ ግን ዝም አለች፤ እሱን ወሰድኩ። ሒሳቡን እናቴ ችላለች።

መስታወቱ ተገጥሞ ተሰጠኝ። መጀመሪያ መሬቱ ወደ እኔ የቀረበ መሰለኝ፤ ኩሬ የሌለበት ቦታ ስዘል ሰው ሳቀብኝ። ከጆሮዬ ጀርባ ይቆጠቁጠኛል። የድስት ክዳን ስከፍት በእንፋሎት ይጋረዳል፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ከነጭራሹ። የሰፈር ልጆች «ዶክተር! መርፌ እንዳትወጊን!» ይሉኛል። ግን ጋሼ፣ ዳሞታ ተራራ ላይ ያሉት ዛፎች አንድ በአንድ የቆሙ ናቸው! እኔ አረንጓዴ ብርድ ልብስ ነገር ነበር የሚመስለኝ። የእናቴንም ፊት ከሩቅ አየሁት። ደክሟታል።

አንድ ነገር ልንገርህ። ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ ያለውን ኢሊያስን ታስታውሰዋለህ? ጠዋት ስወጣ ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም ሲለኝ አየሁት። እኔም ዝቅ አልኩለት። ማታ ሳሙና ልገዛ ስገባ «ዛሬ ከየት ፀሐይ ወጣ?» አለኝ።

«ምነው?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሰላም ስልሽ መልሰሽልኝ አታውቂም። ከባለቤቴ ከሳዲያ ጋር ምን አድርገናት ይሆን እያልን ነው የከረምነው።»

ከዚያ ወዲህ በመንገዱ ማዶ የሚያልፈውን ሁሉ ሰላም እላለሁ፤ የማላውቀውንም ጭምር። ሜላት «ለምርጫ የምትወዳደሪ ነው የሚመስለው» ትላለች። እኔ ግን ኢሊያስን አሰብኩ፤ ሌላስ ስንት ሰው ይኖራል እያልኩ ነው።

ለጋሽ ቦልቴ ደወልክ?

እህትህ ሶልያና


ደቡብ አፍሪካ፣ ነሐሴ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሶሊ፣

ሰላሙን ያብዛልሽ፣ ዓይንሽንም ጌታ ይጠብቀው። ሳላውቅ ለእትዬ ብርሃኔ ዓይን በመግዛቴ ደስ ብሎኛል።

ቀኑ እየሄደ መሆኑን አውቃለሁ። ስልኩን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ትናንት ጨከንኩና ደወልኩ። ጋሽ ቦልቴ ድምፄን እንደሰሙ «ኤልሳዕ፣ በሕይወት አለህ?» አሉ። ከዚያ ሒሳቤ እስኪያልቅ ድረስ ተቆጡኝ። ሞልቼ እንደገና ስደውል ካቆሙበት ቀጠሉ። ሲበርድላቸው ያንቺን አነሳሁ።

የሶዶን ነገር ከደቡብ አፍሪካ መስማትሽ ነው። ግንቦት ውስጥ ከመምህራን ጓደኞቻቸው ጋር በመናኸሪያው በኩል ሲሄዱ አንቺ በማዶ ትመጫለሽ። «የወንድሜ ልጅ ናት፣ በዲግሪ የተመረቀችው» ብለው ለሰዎቹ ያሳዩሻል። ባርኔጣቸውን አንስተው ሰላም ይሉሻል። ቀጥ ብለሽ አየሻቸው፣ ከዚያ ፊትሽን አዞርሽና ሄድሽ። አንዱ መምህር «ይህቺን ነው ያሳደግካት?» አላቸው፤ ሁሉም ሳቁ። «ታናሽ ነው ታላቅን ከሩቅ ቀድሞ ሰላም የሚለው። እኔ ቀድሜ ባርኔጣ አንስቼ ሳቁብኝ» አሉኝ። ድምፃቸው ተቀየረብኝ።

«አላየችዎትም፤ ዓይኗ አያይም ነበር» አልኳቸው። «ያለፈችኝ ግንቦት ነው፣ መነጽር ያደረገችው ነሐሴ ነው። ጥፋት ከሠሩ በኋላ የሚመጣ ምክንያት አልወድም» አሉ። ብዙ ለመንኳቸው። በመጨረሻ «እኔ ሳልፈትን አላምንም። ቅዳሜ ትምህርት ቤት ምዝገባ ላይ ነኝ፤ ትምጣ» አሉኝ።

ሂጂ። የፈለገ ቢያስቀጡሽ እንዳትመልሺ።

ወንድምሽ ኤልሳዕ


ሶዶ፣ ነሐሴ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ኤልሳዕ፣

የጌታ ጸጋ ይብዛልህ። ስለ ስልኩ ብድርህን እሱ ይክፈልህ። ደብዳቤህን አንብቤ ማታውን ሙሉ አለቀስኩ። ያን ቀን ሳይሆን አይቀርም፣ አዲስ ጫማ አድርጌ እግሬን እያየሁ እሄድ ነበር። ቀና ብዬ አይቼ ይሆናል። የሰው ቅርጽ ነዋ የሚታየኝ።

ዛሬ ሄድኩ። ካፊያ ነበር። ጋሽ ቦልቴ ተማሪ መዝግበው ሲጨርሱ ወደ ሜዳው ወሰዱኝ። ሰላምታዬን በግማሽ ነው የተቀበሉት።

«መነጽርሽን አምጪ። ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙሪ፤ ሲጠሩሽ ዙሪ።»

አዞርኩ። ሲጠሩኝ ዞር ስል ባንዲራው ሥር ሁለት ሰዎች ቆመዋል፣ ሁለቱም የዝናብ ልብስ ለብሰዋል። «እንግዲህ ከቆምሽበት ሳትነቃነቂ ሰላም በይኝ» የሚል የእሳቸው ድምፅ መጣ፤ ከየትኛው እንደመጣ ግን ንፋሱ አልለየልኝም። ዓይኔን አጠበብኩ። ሰብሪና አትገምቺ ብላኛለች፤ ግን ዋስ ነው፣ ዕድሌ ነው፣ ምን ላድርግ? በግራ ያለው ቀጥ ብሎ ቆሟል። የጋሽ ቦልቴ አቋቋም ነው ብዬ እስከ ጉልበቴ ዝቅ አልኩና «ጋሽ ቦልቴ፣ እንደምን ዋሉ? ስላለፈው ሁሉ ይቅር ይበሉኝ፣ በአባቴ አጥንት!» አልኩ።

ሰውዬው ወደ ኋላ ሸሸ። «ኧረ እኔ ዘበኛው ነኝ! እኔን ምን አድርገሽኝ?» አለ።

የሚመዘገቡት ተማሪዎች በሳቅ ፈነዱ። ጋሽ ቦልቴ አልሳቁም። እዚያው በቀኝ በኩል ቆመው ቀሩ። ቆየት ብለው ወደ እኔ መጡ፣ አጠገቤ ሲደርሱ ፊታቸው ታየኝ፤ ወደ መሬት ያያሉ። መነጽሩን በራሳቸው ዓይን ላይ አደረጉት፣ ወዲያው አወለቁት። «ያዞራል» አሉ። በክራቫታቸው ጠርገው ሰጡኝና «በቃ፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ» አሉኝ።  እኔም ስለ ዋሱ ሳልጠይቅ ወጣሁ።

እህትህ ሶልያና


ደቡብ አፍሪካ፣ ነሐሴ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሶሊ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን፣

«ሂጂ» ማለት እሺ ነው ወይስ እምቢ? እኔ ያን ቋንቋ ረስቼዋለሁ። ሁለቴ ደወልኩ፣ አያነሱም። ሱቅ ውስጥ አንዱ ስኳር ሲጠይቀኝ ጨው ሰጠሁት።

አርብ ጠዋት ዝም ብለሽ ቢሮው ሂጂ። ባይመጡም ኃላፊውን ቀን ጨምሩልኝ ብለሽ ለምኚ። ካልሆነም ሌላ ሥራ ይመጣል፣ ገና ልጅ ነሽ። ይሄን የምልሽ እኔው ራሴ ሳላምንበት ነው።

ኤልሳዕ


ሶዶ፣ ነሐሴ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ ኤልሳዕ፣

በዚህ በዓመቱ ማብቂያ በጤና ያደረሰህ ጌታ አዲሱንም ይባርክልህ።

የሆነውን በቅደም ተከተል ልንገርህ። እነዚህን ቀናት ከጋሽ ቦልቴ ምንም አልሰማንም። እናቴ «ልሂድና ልለምናቸው» ስትል እኔ ነኝ የከለከልኳት። ዛሬ ጠዋት ጸለየችልኝ፣ ወጣሁ። በልቤ ለኃላፊው የምለውን ልመና እያጠናሁ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ባጃጆቹ ከሚቆሙበት ስደርስ የቢሮው በር ታየኝ። ገና ዝግ ነው። በሩ ላይ አንድ ሰው ቆሟል።

ጋሽ ቦልቴ ናቸው። ከዚያ ርቀት በፊት ቢሆን ምሰሶ ይሁን ሰው አልለይም ነበር። ለሠርግና ለቀብር የሚለብሱትን ጥቁር ኮት ለብሰዋል። የደመወዝ ማስረጃቸውን ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ይዘውታል።

ሳያዩኝ አየኋቸው። በገበያው በኩል የምመጣ መስሏቸው ወደዚያ አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ሰዓታቸውን ያያሉ፣ እንደገና ያሰግጋሉ። አንዲት እኔን የምታክል ልጅ ስታልፍ ጥቂት ተከተሏትና አለመሆኔን ሲያዩ ተመለሱ። ጋሼ፣ ፊታቸውን ብታየው! ፈርተዋል። በኩርፊያቸው ተስፋ ቆርጬ እንዳልቀር፣ ሥራው በእሳቸው ምክንያት እንዳያመልጠኝ ፈርተዋል። እንዲህ ያለ ፊት እንዳላቸው አላውቅም ነበር። ቅርብ ስሆን አሳይተውኝ አያውቁማ።

ወዲያው ዞር ሲሉ አዩኝ። ቅንድባቸው ተሰበሰበ፣ አገጫቸው ቀና አለ፣ የክፍል ፊታቸውን አደረጉ። እኔም ከሩቁ ዝቅ ብዬ ሰላም አልኳቸው፣ ባርኔጣቸውን ሳያነሱ ቀድሜ።

አጠገባቸው ስደርስ «አረፈድሽ» አሉኝ።

አላረፈድኩም፤ በሩም አልተከፈተም። «ይቅርታ ጋሼ» አልኩ።

ገባንና ፈረሙልኝ። ሰኞ ተበላ ሥራ እጀምራለሁ።

ከሩቅ ያየሁትን ፊት ግን አልነገርኳቸውም። አንተም ስትደውል እንዳትነግራቸው።

አክባሪህ ሶልያና